በሁዳዴ የጠጣችው ወተት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። አስቀድሜ ግን ወንድሜን እጠራለሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። በደርግ ጊዜ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን «እህቴ ጴንጤ ናት» ብሎ እዚሁ ደብረ ታቦር ለቀበሌ አሳልፎ ሰጠኝ። ጴንጤ አልነበርኩም። ጴንጤ የሚባል ሰው በዓይኔም አይቼ አላውቅም። ስሙ ይባረክ!

ነገሩ የመጣው በእናታችን በይርገዱ ነው። እናቴ የአገሩን ዘር ማንዘር ቆጥራ የምትጨርስ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ወጥ ላይ ጨው እየደጋገመች መጨመር ጀመረች። ቀጥሎ ነጠላዋን የጤፉ ጎታ ውስጥ ትሸሽግና «ሰረቅሽኝ» ትለኛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምርኩዟን ታነሣለች።

«የት ልትሄጂ ነው እማ?»

«ቤቴ ነዋ። መሸ እኮ!»

«ይሄ ቤትሽ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! የሰው ቤትና የራሴ ቤት ጠፍቶኝ ነው?»

ስለ አባታችን «ከእብናት ገበያ አልተመለሰም?» ትለኛለች። ከሞተ ስንት ዘመኑ! እውነቱን ስነግራት ገና ዛሬ እንደተረዳች ደረቷን ትደቃለች፤ ጎረቤት ማን ሞተ ብሎ ይሮጣል። ኋላ «እየመጣ ነው፣ አህያው ደክሞበት ነው» ማለት ለመድኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ «እርጅና ነው፤ ለዚህ መርፌ የለንም» ብሎ የቫይታሚን ክኒን ሰጠኝ። ጎረቤት አንዱ ዛር ነው፣ ሌላው መተት ነው አለ። ወንድሜ አንድ ሌሊት እንኳ ወስዶ አላሳደራትም።

በዚያ ሁዳዴ እህል እምቢ አለች። የጎረሰችውን ትተፋለች፤ ወተት ብቻ ትለምናለች።

«ጾም ነው እማ።»

«ጾም ገባ? ማን አስገባው?»

የነፍስ አባቷን ጠራኋቸው። ቄሱ አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እሷ እኮ ሕፃን ሆናለች። ሕፃን አይጾምም፤ ስጫት» አሉኝ። ሰጠኋት። ወንድሜ ያን ጊዜ ገባ፤ ከንፈሯ ላይ ነጩን አየ።

«እማ! አፍሽ ላይ ምንድን ነው?»

እናቴ ቀና ብላ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«አስካደቻት! እናቴን አስካደቻት!» እያለ ወጣ። ቄሱ ያሉትን ብነግረው አልሰማኝም። ይህ ሰው ቀን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው ሲባል ያጨበጭባል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ሽሮውን ያለ ቅቤ ይበላል። የፈራው ለስሙ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር «ጴንጤ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በሁዳዴ ወተት የሚያጠጣ ማነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እግዚአብሔር የለም ብላችሁን የለም ወይ? ታዲያ ጾሙ የማን ነው?»

በጥፊ መታኝ። ታሰርኩ። እናቴን ወንድሜ ወሰዳት።

የታሰርነው የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። የመጀመሪያዋን ጴንጤ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ አልማዝ የምትባል፣ ከጋይንት የመጣች አስተማሪ።

«አንቺም በእምነትሽ ነው?» አለችኝ።

«በወተት ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ጴንጤ ብሎ አሰረኝ፤ ጌታ ጴንጤዋ አጠገብ አስቀመጠኝ። ሃሌ ሉያ!

ጌታን ወዲያው አልተቀበልኩም። የኔ ጸሎት ወንድሜን እንዲቀስፈው ነበር። አልማዝ ግን በየማለዳው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጌታ ሆይ፣ ይርገዱ ስምህን ብትረሳም አንተ ስሟን አትርሳ» ትላለች። አይታት ለማታውቀው ሴት! አንድ ማለዳ ሳላስበው «አሜን» አልኩ። ይኸው ነው። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ስሙ ይባረክ!

የተፈታሁ ዕለት በቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። እናቴን ጓዳ ውስጥ፣ እግሯ በመጫኛ ከምሰሶው ጋር ታስሮ አገኘኋት። ገመዱ ቁርጭምጭሚቷን በልቶታል። የወንድሜ ሚስት «ምን እናድርግ እቴ፣ ትጠፋብናለች! ባለፈው ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ያገኘናት» አለች። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቋጠሮው በእጄ አልፈታ ቢለኝ በጥርሴ ፈታሁት። አዘልኳት፤ እንደ ጭድ ቀለለችኝ።

ከጀርባዬ ላይ ሆና «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የይርገዱ» አልኳት።

«እናትሽ ትባረክ» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እናቴ አልዳነችም። ምስክርነት ሲባል የምትጠብቁትን አውቃለሁ። «እምነት ቢጎድልሽ ነው» ያለችኝ እህት ዛሬም እዚህ ተቀምጣለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። ያኔ በር ዘግተን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመርን ነበር የምንሰበሰበው። እናቴ መሃል ላይ ትጮህብናለች፤ ሰው ይሰማናል ብለን እየፈራን ጸለይንላት። አልዳነችም። ንግግሯ አለቀ፣ መዋጥም ረሳች፤ በክረምት እጄ ላይ አረፈች። በለቅሶው ወንድሜ «ከጴንጤ ጋር አልቀመጥም» ብሎ ከቤቱ አስወጣኝ። የወለደችኝን ዝናብ ላይ ቆሜ አለቀስኳት።

እሷ የረሳችውን ሁሉ የማይረሳ ጌታ እኔንም አልረሳኝም። እዚህ ደርሻለሁ፤ ምስጋና ለእሱ ይሁን። አእምሮው የከዳው ሰው ቤታችሁ ያለባችሁ፣ በጌታ ታመኑ። ቢፈውስላችሁ አመስግኑ። ባይፈውስላችሁም በገመድ አትሰሩት፤ እዘሉት፤ እናንተን የሚያዝላችሁ አለ።

ወንድሜ አሁን እኔ ቤት ነው። ሚስቱ ሞተች፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ የእናታችን በሽታ እሱንም ያዘው። ስሜን አያውቀውም። ይቅር ብለሽዋል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ እሱን ጌታ ያውቃል። ባለፈው ዓርብ፣ በዚሁ በሁዳዴ፣ ወተት ጠየቀኝ። አሞቅሁለት። ደጅ አውጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ሁሉም እያየ አጠጣሁት።