«የለችም» ያልኳት እህቴ

በሕይወት ያለች እህቴን የለችም ብያለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ደፍሬ አልተናገርኩትም፤ እርስዎ ይስሙኝ።

እህቴ ጽጌ ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ አእምሮዋ ታውኮ ነበር። ለብቻዋ ታወራለች፤ ምግቡን መርዝ አለበት እያለች ትገፋለች። ጠበል ወሰድናት፤ አልተሻላትም። ያን ጊዜ ሴት ልጄ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ ወገኖች «በዘራቸው እብደት አለ» እንዳይሉ ፈራሁና ጽጌን ጓዳ ደበቅኋት።

የጤና መድህን መዝጋቢው ጋዝጊብላ ወረዳ ያለው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ «አያ ደሳለኝ፣ ሌላ የቤተሰብ አባል አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

ጽጌ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች። ምን አስገደደኝ? ማን አስገደደኝ? እኔው ነኝ ያልኩት።

ባለቤቴ ለምለም ይህን ስል ሰምታኛለች። በቀበሌው ስብሰባ የጤና ጣቢያው ነርስ ስለ መድህኑ ሲያስረዳ ግን፣ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው ለምለም ብድግ አለች።

«እኔ ቤት አእምሮዋን የታመመች አለች። ባሌ ደብቋታል። መድህኑ እሷንም ያሳክማል ወይስ ለወባ ብቻ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያሳክማል፣ እናቴ» አለ ነርሱ። «ድሮ ሩቅ ከተማ ድረስ በራስዎ ወጪ ይሄዱ ነበር። አሁን እኛው ጋ ሕክምናው ተጀምሯል። ስሟ ግን ይመዝገብ።»

«እንግዲያው መዝግባት!»

ከዚያ ወዲህ ለምለም ጽጌን እጇን ይዛ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግር ታመላልሳት ጀመር። ሰው ሲጠቋቆም እሷ ሰላምታ ትሰጣለች። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ጽጌን ቀኑን ሙሉ ሲያስተኛት፣ እኔ «ይኸው ገደላችኋት» ብዬ ጮህኩ። ለምለም ግን ተመልሳ ሄዳ መጠኑን አስቀነሰች። ቀስ በቀስ ጽጌ ከእኛ ጋር መብላት ጀመረች። አንድ ቀን ሳቀች። እንደ ለምለም ያለ ልብ ያለው ሰው አላየሁም።

የፈራኋቸው ሰዎችስ? የልጄ እጮኛ እናት ለምለምን ለብቻዋ ጠርታ፣ «የእኔንም ወንድም ጤና ጣቢያው ይቀበለው ይሆን?» አለቻት። ለካ እነሱም በሽተኛቸውን ደብቀው ኖሯል።

ባለፈው አጨዳ ላይ ጽጌ፣ «ያን ቀን ሰምቼሃለሁ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ማጨዷንም ቀጠለች። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ለልጄ ብዬ ነው ማለት እችል ነበር። አልልም። በእህቴ አፈርኩባት፤ ካድኋት። ይኸው ነው።