ከዜሮው በታች ያለችው ቀስት

እናቴ አንገቷ ላይ ያበጠው ነገር ካንሰር ነው ተብሎ፣ ታይሮይድ የሚባለው እጢ በሙሉ ከወጣላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ ደሟ ይመረመራል። ካንሰሩ ከተመለሰ ምልክቱ ደም ውስጥ ይታያል አሉን።

አንድ ቀን የውጤቱን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከላይ የምልክቱ ቁጥር፣ ዜሮ። ከታች ግን ሌላ ቁጥር አለ፣ ትልቅ፣ አጠገቡ ወደ ላይ የቆመች ቀስት። ሐኪሙ ከላይ ብቻ አየና «ንጹህ ናቸው» አለ።

«ዶክተር፣ ይቺ ቀስትስ?»

«ሥራህ ምንድነው?»

«ባጃጅ።»

«እንግዲያው ባጃጅህን ንዳ።»

እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፣ ዝም አልኩ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ዝም ማለት ይለምዳል። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ዝምታ ነው።

በሳምንቱ ፈላና በር ሰፈር ባለው ቤታችን የምስጋና ሰደቃ ወጣ። በደስታም በለቅሶም ከእናቴ የማይለዩ የአፎቻ ማኅበሯ ሴቶች ቤቱን ሞሉት። «ይሄ ልጅ በሒሳብ ዜሮ ሲያመጣ አለቀስኩ፤ እኔ ሳመጣ ይኸው በግ አረድኩ» አለቻቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ቀስቷ ግን ከዓይኔ አልጠፋችም።

በስድስት ወሩ ሆስፒታል ሌላ ሐኪም ገጠመችን፣ ወጣት ሴት። አሁንም ዜሮ፣ አሁንም ቀስት። እሷ ቀስቷ ላይ ቆመች።

«ይሄ ሰውነታቸው የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ምልክቱ ላይ ይጣበቅና ከመሣሪያው ይደብቀዋል። ይሄ ከፍ ካለ ዜሮው አይታመንም። ባለፈው አንገታቸው በአልትራሳውንድ አልታየም?»

«አልታየም።»

በዚያው ቀን ታየ። ከጠባሳው ሥር ሁለት እብጠት።

«ያኔ ቢታይ ይገኝ ነበር?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች፣ ወረቀቱን እያየች።

ሊሆን ይችላል። በዚህ ምን ይደረጋል? ቀስቷን እኮ እኔ አይቻታለሁ። ሰው ካላወቀ «አላውቅም፣ ልጠይቅ» ይላል፣ አፉ አይረግፍም።

ስንመለስ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ባጃጁን ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ክሊኒክ ላዞር ስል እናቴ ከኋላ ትከሻዬን ያዘች።

«ሰድበኸው ብትመጣ እብጠቱ ይጠፋል?»

«ደስ ይለኛል።»

«እኔ የምታከመው አንተን ደስ እንዲልህ ነው? ወደ ቤት ንዳ።»

ነዳሁ።

ዳግም ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ ደሟ እንደገና ተመረመረ። ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ የላይኛውን ግማሽ ወደ ኋላ አጠፈችና መለሰችልኝ።

«ከታች ጀምር» አለች።