የዓሲያ የቅዳሜ ትምህርት

ዓሲያ ሙሄ ራዲዮ መጠገን የተማረችው ወዳ አይደለም። አባቷ ሰቆጣ ገበያ ዳር ጨርቅ እየሸጡ፣ ጎን ለጎን የተበላሸ ራዲዮ ያበጁ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ቀጭኑን ሽቦ የሚያይላቸው ሰው ጠፋ። እሳቸው በቃል እየነገሯት፣ እሷ የመዳቡን መበየጃ ከሰል ላይ እያጋለች፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሥራው የእሷ ሆነ።

በ1974 ዓ.ም. ምንዋጋው የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ራዲዮውን ሊያሠራ መጣ። ስትሠራ ቆሞ ሲያያት ቆየና ችግሩን አዋያት። ተማሪዎቹ ስለ ኤሌክትሪክ የጻፈላቸውን አንድ ቃል ሳይስቱ በቃላቸው ይወጡታል፤ ምን ማለት ነው ሲላቸው ግን ያቀረቅራሉ። ቤታቸው የሚያወሩት በአካባቢው የአገው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰላምታ በላይ አያውቅም። ኽምጥኛ የእናቷ ቋንቋ ስለነበር ዓሲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ ልታስተምርለት ተስማማች።

የመጀመሪያው ቀን ዐሥራ አራት ልጆች መጡ። ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች፣ አንድ ትንሽ አምፖልና ቁርጥራጭ ሽቦ ይዛለች። ድንጋዩ ገፊ ነው፣ ሽቦው መንገድ ነው፣ መንገዱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ማንም አያልፍም እያለች አሳየቻቸው። ከጋዝጊብላ መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር ደመቀች የምትባል ልጅ ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። እሷ በኽምጥኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ምንዋጋው ምን አለች ብሎ ዓሲያን አየ።

«አንዱ ድንጋይ ብቻውን አላበራም፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አበሩ፤ ታዲያ መጀመሪያውንም አላለቁም ነበር ማለት ነው? ነው የምትለው።»

መምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠና ብቻውን ሳቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ከሦስት የተሰበሩ ራዲዮዎች አንድ የሚሠራ ገጣጠሙ። ጣቢያ ስትፈልግ የነበረችው ደመቀች ናት። ዘፈን አለፈ፣ ከዚያ መንግሥትን የሚያወግዝ የትግርኛ ድምፅ ወጣ። ዓሲያ ፈጥና አጠፋችው፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ወሬው ደርሶት ዓሲያንና ምንዋጋውን አስጠራ። እሱም የአገሩ ሰው አልነበረም። ሳይቆጣ፣ «እኛ በማንሰማው ቋንቋ ምን እንደምትነግሪያቸው በምን እናውቃለን?» አላት።

«ልጆቹን ይጠይቋቸው።»

«ያስተማርሻቸውን ነው የሚነግሩኝ።»

ምንዋጋው ግለ ሂስ ጽፎ ፈረመ። እሷ እንዳትታሰር ብሎ እንደሆነ በኋላ ነገራት፤ ታመስግነው ወይስ ትቀየመው አላወቀችም። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሩት። የአባቷን የመሣሪያ ሳጥንም የቀበሌው ሰዎች «ለጊዜው» ብለው ወሰዱ። በየሳምንቱ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ኃላፊው የለም ይሏታል። ራዲዮ ሊያሠራ የሚመጣውን ሰው ስትመልስ፣ አባቷ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

በ1976 ዝናቡ ቀረ። አንድ ጠዋት ደመቀች ከእናቷ ጋር፣ አክስቷም ተከትላቸው፣ ጓዛቸውን ይዘው የእነ ዓሲያ ሱቅ ደጃፍ ቆሙ። እህል ይሰጣል ሲባል ሰምተው ወደ ኮረም መሄዳቸው ነው። ዓሲያ ቅሩ ልትላቸው ፈለገች፤ ምን ልታበላቸው? ቤት የነበረውን ቆሎ በጨርቅ ቋጠረችላቸው።

«እትዬ ዓሲያ፣ ስመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን?» አለች ልጅቷ።

«እንቀጥላለን» አለቻት። በምን እንደሚቀጥሉ ግን አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓሲያ ከኮረም የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስለ ልጅቷ ትጠይቃለች። አንዱ አላየሁም አለ፤ ሌላው ብዙ ሰው በመኪና ተጭኖ ለሰፈራ ሄዷል አላት። በመጨረሻ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ «ስም ከሰጠሽኝ የመጠለያውን መዝገብ አስፈትሽልሻለሁ» አላትና ብዕርና ወረቀት አወጣ።

«ደመቀች» አለችው።

«የአባቷስ ስም?»

ዓሲያ ጠይቃት አታውቅም ነበር። አሁን የሚነግራትም የለም፤ የልጅቷ አክስት ቤት ባዶ ነው፣ ትምህርት ቤቱም በጦርነቱ ተዘግቷል። ሰውየውም ደመቀች የሚባሉት ብዙ ናቸው ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።