ለአባቴ ደጅ የተገጠመ ጎማ

እኔና ባሌ መኪናዋን ስንገዛት ትንሽና ያረጀች ነበረች፤ ግን ከመርሳ ወልድያ ስንሄድ ዳገቱን ሳታጉረመርም ትወጣዋለች። ጉድለቷ አንድ ነው፤ አባቴ ደጅ አትደርስም። ወላጆቼ የሚኖሩት ከመርሳ በላይ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ነው። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ሆዷ እየተፋቀ፣ ግማሽ ላይ አቁመናት በእግራችን እንወጣ ነበር። አባቴ ይህን ባየ ቁጥር አማቹን ይተርበዋል። "መኪናህ እንደ ከተማ ሙሽራ ናት፤ ድንጋይ ስታይ ትቀመጣለች" ይለዋል።

ባሌ ደግሞ ተረብ አይችልም። አንድ ቀን ወልድያ ሄዶ ለፒካፕ የሚሆን ትልቅ ጎማ ከነብረት ቸርኬው አስገጥሞ፣ እንዳይነካካበት ጎማውን የሚጋርደውን ፓራፋንጎ አስቆርጦ መጣ። መኪናዋ የአባቷን ቦቲ ያደረገች ልጅ መሰለች። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጎማው በተለቀ ቁጥር ሞተሩ እሱን ለማዞር ብዙ ጉልበት እንደሚፈልግ፣ ዳገት ላይ ማርሹ ሁሉ እንደሚከብዳት ነገርኩት። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው አልኩት። "ክረምት ጭቃ የያዘ ጫማ አድርገህ አታውቅም? ጀርባህ ባዶ ሆኖ እንኳ እግርህ ይዝላል። ለመነሳትም ለመቆምም ነው የሚከብዳት።"

"እዚህ እኮ ክፍል ውስጥ አይደለሽም" አለኝ።

በሳምንቱ አባቴ ደጅ ድረስ ወጣች። አባቴ ከቤት ወጥቶ ዙሪያዋን ዞራት፣ ጎማውን በዱላው ነካ ነካ አደረገና "አሁን ገና እግር አወጣች" አለ። ባሌ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም አፌን ዘጋሁ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን የወልድያን ዳገት በከባድ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣዋለች፤ ነዳጅ ትጠጣለች፤ ፍሬን ሲያዝም ዘግይታ ነው የምትቆመው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ ለመድነው።

ከዚያ አባቴ ታመመ። እናቴ ጠዋት ደውላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሲያስመልሰው አደረ አለችኝ። ወጥተን አመጣነው፤ ከቅሬው ሁለት ጎረቤቶች ተከትለውን መጡ። እኛ አገር ቅሬ ሙት መቅበር ብቻ ሳይሆን ታማሚ ማድረስም ግዴታው ነው። በቃሬዛ እንሸከማቸው ብለው ነበር፤ መኪና ቆሞ ምን በወጣችሁ ተባሉ። ቁልቁለቱን ፍሬኑ እየሸተተን በዝግታ ወረድን። መርሳ ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ አንጀቱ ሳይጠማዘዝ አልቀረም፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይተርፍም አለችን። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል። "በራሳችሁ ፍጠኑ" አለች።

ሜዳው ላይ ፈጠንን። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን እስክናልፍ ተስፋ ነበረኝ። ዳገቱ ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለ፤ ሁለተኛም እምቢ አለ። አምስት ሰው ጭና በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ ጀመረች፤ የተቃጠለ ሽታ አፈነን። "ፍሪሲዮኑ ነው" አለ ባሌ፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያሻግረው ማለቱ ነው። በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። ጀርባውን እያየሁ፣ አባቴን እየገደልከው ነው የሚል ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ጎረቤቶቻችን ወርደው ከኋላ ይገፉ ጀመር። ሞተሩ ይጮሃል፤ ያ ባሌ ያስገጠመው ጎማ ግን አይዞርም። አንደኛው በመስኮት ብቅ ብሎ "አብሽሩ አባቴ፣ ደርሰናል" አለው። ውሸቱን ነበር፤ ወልድያ ገና ሩቅ ናት።

አባቴ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ላቡ ይንቆረቆራል። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ባሌን ነው ያናገረው። "ግዴለህም ልጄ፣ አታጣድፋት። ትወጣለች" አለው።

መኪናዋ ቆመች። ወርጄ ለሚያልፈው ሁሉ እጄን አውለበለብኩ፤ ሚኒባሱ ሁሉ ሙሉ ነው። በመጨረሻ አስፋልቱ መሀል ገብቼ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሽንኩርት የጫነ መኪና አፍንጫዬ ስር ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ መጀመሪያ ሰደበኝ፤ አባቴን ሲያይ ግን ራሱ ወርዶ አሸከመን። አባቴን ሽንኩርት ጆንያ ላይ አስተኝተን ወልድያ ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነበር። አንጀቱ ጠቁሯል፣ ቆይቷል አለኝ። ለምን ዘገያችሁ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ሁሉን ልዘረግፍለት ተዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ከኦፕራሲዮን ክፍል በሕይወት አልወጣም። በማግስቱ ጠዋት ቀበርነው።

መኪናዋ ዳገት ላይ መበላሸቷን እንጂ በጎማው ምክንያት መሆኑን ከእኔና ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለቅሶው ላይ የመጣው ሰው ሁሉ ባሌን ያመሰግናል። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ አማች ለሁሉም ይስጥ ብለው ዱዓ ያደርጉለታል። እሱ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ምግብ ወደ አፉ አላለም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ተነስታ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና ሁለት እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው። ሊነጥቃት ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

"አንተና መኪናህ ባትኖሩ መንገድ ላይ ይቀርብኝ ነበር ልጄ። አላህ ውለታህን ይክፈልህ" አለችው።

ባሌ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አፉን ከፈተ፤ የጎማውን ነገር ሊነግራት እንደሆነ ገባኝ።

"አሚን" አልኩ፣ ቀድሜው።