በማርቆስ ዘመን የተወለደች ነብር

ዝንጅብል በኮምጣጤ ሲፈላ ሸቷችሁ ያውቃል? ባለፈው እዚህ በስደት ከተማችን፣ ማሪቢርኖንግ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ለጉልበቴ ወንበር ስፈልግ፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ያ ሽታ መጥቶ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ጉልበቴን ረሳሁት። ወትሮ ከጉልበቴ ሌላ ወሬ የለኝም፤ ቤተሰቤን ጠይቁ።

ያኔ፣ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ካርልተን በሚባለው ሰፈር ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ እንኖር ነበር። ከአርባ አልፌ ገና የመጀመሪያ ልጄን የምጠብቅ፣ ወጣት ነኝ ብዬ የምምል ሰው ነበርኩ። ከበራችን ትይዩ አንዲት ቻይናዊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እትዬ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ወደውታል።

እትዬ ሰው ሲተዋወቁ ከስሙ በፊት የተወለደበትን ዓመት ነው የሚጠይቁት። ለየዓመቱ አንድ እንስሳ አላቸው፤ አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጸጉር የሚቆረጡበት ቀን፣ ዕቃ የሚገዙበት ቀን፣ የሚቀርቡትና የሚርቁት ሰው፣ ሁሉም በዚያ ነው። እኔንም ጠየቁኝ። «አርባ ስምንት» አልኩ። አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያስኬዱ ቆጠሩና «ዓይጥ» አሉኝ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ዱቄት በጎደለ ቁጥር ዓይኗን ወደኔ ትወረውር ጀመር። በኋላ አቆጣጠራችን ከፈረንጁ ወደ ኋላ እንደሚቀር ስነግራቸው እንደገና ቆጠሩ። «ጦጣ» አሉና ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቁ። እኔ ሹመት የተሰጠኝ መስሎኝ ስኮራ ዝምታቸውን ልብ አላልኩትም። የእርስዎስ ብላቸው «በሬ» አሉኝ።

ባለቤቴ ስታረግዝ እናቷ ሩቅ ነበሩ፤ ቦታቸውን የያዙት እትዬ ናቸው። ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፣ እግሯን ያሻሉ፣ ሐኪም ቤት ይሸኟታል። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃቸዋል። የበሬው ዓመት እያለቀ ነበር፤ ተረኛው ነብር ነው። የባለቤቴን ሆድ እያዩ «ቶሎ በል በሉት» ይላሉ። ልጄ ግን እንደ አባቷ ቀጠሮ አታከብርም። የአዲስ ዓመታቸው ርችት ተተኩሶ ባደረ ማግስት፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ተወለደች። ሴት፤ ነብር።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ያገር ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ጎረፈ። እትዬ አልመጡም። በየማለዳው ብቻ የበራችን እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ እናገኛለን፤ ውስጡ በዝንጅብልና በኮምጣጤ የተቀቀለ እንቁላል። ለአራስ ነው፤ ወጉ የአሳማ እግርም ነበረው፣ ለኛ ብለው ትተውታል። በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ላይ የሚርቅ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ባለቤቴ እንቁላሉን እየበላች ታለቅሳለች። ሴት ስለወለድኩ ነው ትላለች። እናት ያህል የሆነ ሰው ከአራስ ቤት ደጃፍ ሲመለስ እንዴት አንጀት እንደሚቆርጥ ታውቁታላችሁ።

አንድ ጠዋት አድብቼ በሩን ከፈትኩባቸው። ጦጣ አይደለሁ? ፌስታሉን እንደያዙ ቀሩ። ይግቡ እንጂ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሰባራ እንግሊዝኛ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ ነገሩኝ። በሬ አይደሉም፤ ነብር ናቸው፤ ያን ዓመት ስድሳ የሚሞላቸው። ኮረዳ ሳሉ ሊያገባቸው የነበረው ልጅ እናት ዓመታቸውን ስትሰማ ነገሩን አፍርሳዋለች፤ ነብር ሚስት ባሏን ትበላለች ተብሎ። ከዚያ ወዲያ ዓመታቸውን ደብቀው ኖሩ። ነብር ደግሞ አራስ ቤት አይገባም፤ ሕፃን ያስደነግጣል።

«ልጅቷም እንደኔ ሆነች። ይቅርታ ሚስተር ጦጣ» አሉኝ፤ ዓመቱን እሳቸው ያመጡት ይመስል።

እኔ ቅዳሴው ሳያልቅ ጫማውን የሚፈልግ ሰው ነኝ። የዚያን ጠዋት ግን አፌ እንደ መሪጌታ ተፈታ። በኛም ዘንድ ዓመት ያለ ስም አይውልም አልኳቸው። አራቱ ወንጌላውያን ይፈራረቁበታል፤ ዘንድሮ የማርቆስ ነው፣ ማርቆስ ደግሞ በአንበሳ ይመሰላል።

«በኛ አገር ሰው ሲሞገስ ነብር ነው የሚባል። ይቺ ልጅ በአንበሳ ዘመን የተወለደች ነብር ናት። ማን አባቱ ነው የሚያስደነግጣት?»

ባለቤቴ ከውስጥ ስትሰማ ኖራለች። ልጅቷን ታቅፋ መጣች፤ ከደፉ ወዲህ ሆና ወደሳቸው ዘረጋቻት። እትዬ ፌስታሉን ለኔ ሰጡና ገቡ። ሕፃኗን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ልጄ አንድ ጊዜ አየቻቸውና አዛጋች። ጥርስ የሌለው ነብር!

ከዚያ በኋላ ሊፍት ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ «ነብር ወለድኩ» እያልኩ አሰለቸሁት፤ ምጡን እኔ ያማጥኩ ይመስል። እትዬም ከሚያውቋቸው ቻይናውያን ጋር ሲገናኙ ጣታቸውን መጀመሪያ ወደ ልጄ፣ ቀጥሎ ወደ ገዛ ደረታቸው ይቀስራሉ። ቋንቋውን ባላውቅም የሚሉት ገብቶኛል።

እትዬ ያረፉት ልጄ ሥራ ከያዘች በኋላ ነው። ሣጥኑ ሊወርድ ሲል የእህታቸው ልጅ፣ በጦጣ ዓመት የተወለዱ ጀርባቸውን ይስጡ ብላ ለመነች፤ ሟቿ ነብር ናቸው፣ ነብርና ጦጣ ደግሞ ባላንጣ ናቸው። ያቺ የድሮ ዝምታቸው ያኔ ገባችኝ። ባላንጣቸው መሆኔን ከመጀመሪያው እያወቁ ኖሯል ያን ሁሉ እንቁላል በራችን እጀታ ላይ ያንጠለጠሉት።

በዕድሜዬ ዙር ብለውኝ ዞሬ አላውቅም። ያን ቀን ዞርኩ። አፈሩ ሲወርድ በጀርባዬ ሰማሁት። ልጄ ግን ቀጥ ብላ፣ ፊት ለፊት ቆማ ሸኘቻቸው። ሲያበቃ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ፣

«አባዬ፣ አሁን ዙር» አለችኝ።