ያላየሁት ተረከዝ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ በነበረ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ጉራዬ ግን ለሦስት ሐኪም ይበቃ ነበር።

እትዬ የምላቸው ታካሚዬ የመጡት ነሐሴ ላይ ነው። የገርጂ ጭቃ አንሸራትቶ ጥሏቸው ቀኝ ክንዳቸው አልነሣ ብሏል። ሹሩባ ሠሪ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ እጅ ነው። "ዶክተር፣ ሌላው ይቅር፤ ሰው ጭንቅላት ላይ የምትደርስ እጅ ብቻ ስጠኝ" አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም አላልኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ክንዳቸውን እኔ ሳነሣው እስከ ላይ ይወጣል፤ ስለቀው ዱብ ይላል። ይህን ያየ ባለሙያ የትከሻው ጅማት ተበጥሶ ይሆናል ብሎ ቶሎ ወደ ቀዶ ሐኪም ይልካል። እኔ ደንቆሮው ግን "ደክሞ ነው፣ በስፖርት ይበረታል" አልኩ። በየሳምንቱ ግድግዳው ፊት ቆመው የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ወደ ላይ ያስኬዳሉ፣ የደረሱበት ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ።

"ያምዎታል?"

"ኧረ ደህና ነው፣ ተመስገን!"

መስመሩም ከፍ አለ። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጎተትኩ አሳየሁ፤ "እጄ እኮ መድኃኒት ነው!" እያልኩ። እሳቸው ይስቃሉ፣ "ይባርክህ" ይሉኛል።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ መስመር ላሰምር ስል እርሳሴ ወደቀ። ላነሣ ጎንበስ ስል ከቀሚሳቸው ስር ተረከዛቸውን አየሁ። ከጫማው ወጥቶ አየር ላይ ነው። በእግር ጣታቸው ቆመው ባታቸው ይንቀጠቀጣል።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?" ጮህኩባቸው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?"

አንገታቸውን ደፉ። "ምን ላድርግ ልጄ፣ መስመሩ ከፍ ሲል ፊትህ ይበራል። እንዲህ እየለፋህ አልተሻለኝም ልበልህ? ይሉኝታ ያዘኝ።"

አፈርኩ። እሳቸው የደበቁት ተረከዝ ነው፤ እኔ እኮ ክንዱ ዱብ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ትከሻቸውን ዳበሰ፣ ክንዳቸውን አንሥቶ ለቀቀው። "ያኔውኑ ቢመጡ ይሰፋ ነበር። አሁን ጅማቱ ተኮማትሯል፣ ጡንቻውም ሰልሏል። የሚሠራ ነገር የለም" አለኝ። አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደጅ ስንወጣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። በቀኝ እጃቸው ሊመልሱት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። እኔ አለበስኳቸው። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

"ያምዎታል?" አልኩ።

"ኧረ ደህና ነው፣ ተመስገን" አሉኝ። "አንተ ብቻ አትዘንብኝ።"