የጋሽ ፈሊጥ ዘጠኝ ነርሶች

"ይህ የመጀመሪያ ሮዲዮዬ አይደለም።"

ሦስተኛዋ ነርስ ይህን በእንግሊዝኛ ስትል በሩ ገና አልገጠመም ነበርና ክው ብዬ ቀረሁ። የመጀመሪያዋም ብላዋለች፣ ሁለተኛዋም ብላዋለች። ሮዲዮ ማለት ፈረንጆች በሚፈራገጥ ፈረስ ወይም በሬ ጀርባ ላይ ወጥተው ላለመውደቅ የሚታገሉበት ውድድር ነው። አባባሉ ግን "ለሥራው አዲስ አይደለሁም፣ ብዙ አይቻለሁ" ለማለት ነው። አንድ ሰው ሲለው ፈገግ ያሰኛል። ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ነክተው የማያውቁ ሦስት ሴቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ሲሉት ግን ያስጠረጥራል።

እኔ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የዚያን ዕለት ሥራዬ የስም ዝርዝር ይዤ ትንሿ የስብሰባ ክፍል በር ላይ መቆምና ባለ ተራዋን መጥራት ነበር። አንድ የባሕር ማዶ ሆስፒታል ነርሶች ሊቀጥር ሁለት ጠያቂዎች ልኳል፤ አንዲት ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴትዮና ላፕቶፕ ላይ የሚጽፍ ዝምተኛ ሰውዬ። ዝርዝሩ ላይ ዘጠኝ ስም አለ። ለዘጠኙም እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ዘጠነኛዋ ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት።

ሰውየው ጋሽ ፈሊጥ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን፤ በተለይ እኔ፣ አልክድም። ከእኔ በፊት እዚሁ ዴስክ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመዋል። ሌላው እንግዳ ተቀባይ ቁልፍ ሲያቀብል እሳቸው አባባል ይለቅሙ ነበር። እንግዳው ያልታወቀ ነገር ጣል ካደረገ ሻንጣው ሊፍት ውስጥ ሳይገባ ደብተራቸው ወጥቷል። በግራ በኩል አባባሉን፣ በቀኝ በኩል ማን፣ መቼና በምን ዓይነት ፊት እንደተናገረው ይጽፋሉ፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ። "ክፍል 214፣ ጠዋት፣ የሻወሩ ውሃ ቀዝቅዞበት፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።"

"ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ይነግራችኋል፤ ፊቱን ግን ከየት ታመጣላችሁ?" ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። "አንደር ዘ ዌዘር ነኝ" የሚል እንግዳ ስለ አየሩ ጠባይ እያወራ ሳይሆን ትንሽ እንዳመመው ያወቅኩት ከሳቸው ነው። "ባልዲውን ረገጠ" ማለት ሞተ ማለት እንደሆነ ያስተማሩን ዕለት ደግሞ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ሐዘን ቤት ገብታችሁ 'ድፍት አለ' ትላላችሁ? 'አረፈ' ነው የምትሉት! ይቺንም ነገር የሟች ዘመድ ፊት እንዳትሏት!" ብለው አስጠነቀቁን።

ጡረታ ሲወጡ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ማስተማሩን ሥራቸው አደረጉት። ከታች ጎማ ይደበደባል፣ ከላይ ተማሪው በአንድ ድምፅ "ውሻና ድመት ይዘንባል" ይላል፤ ኃይለኛ ዝናብ ነው ለማለት። ነርሶቹ ከስልካቸው የለቀሙትን የዘመኑን የአራዳ ቋንቋ፣ ሐሜትን "ሻይ" ማለትን፣ "የምሬን ነው" ለማለት "ኖ ካፕ" ማለትን ይዘው ሲመጡ ጋሽ ፈሊጥ የገዛ ጆሯቸውን ይደፍናሉ። "ይሄ ለከርሞ አይደርስም፣ ጣሉት!" ይላሉ። እነሱ ደግሞ ከኋላቸው የሳቸው ውሻና ድመት ካረጁ ስንት ዘመናቸው እያሉ ይሳሳቃሉ።

ጥፋታቸው እንግዲህ ይህ ነው። ሌላ መምህር ቢሆን ለእያንዳንዷ የተለያየ መግቢያ ያድል ነበር። እሳቸው ግን ምርጡን ለአንዷ ሰጥቶ ሌላዋን መበደል አልሆነላቸውምና ምርጡን ለዘጠኙም ሰጡ። ዘጠኙ አንድ በር ላይ ተሰልፈው በአንድ ቀን ለአንድ ሴትዮ እንደሚናገሩት አላሰቡም። እኔም መቼ አሰብኩ? ዝርዝሩን እያየሁ እንኳ አልታየኝም።

ሦስተኛዋ ነርስ እንደወጣች ጠያቂዋ ራሷ ብቅ አለች።

"ስንት ቀሩ?"

"ስድስት።"

"እነሱም ሮዲዮ አላቸው?"

ምን ልበል? ዝርዝሩን ተመለከትኩ።

"ጥያቄያችንን አንድ ሰው ሸጦላቸዋል፤ መልሱን ጽፎ አስጠንቷቸዋል" አለች። "ማን እንደሆነ እስካውቅ አንድም ሰው እንዳታስገባ። እስከ ስድስት ሰዓት ካላወቅኩ ዘጠኙንም ሰርዤ እሄዳለሁ።"

ሰዓቴን አየሁ። ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

ጋሽ ፈሊጥ መግቢያው ሶፋ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልጃቸው አጠገባቸው ናት። ሆስፒታሉ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አይቀጥርም፤ እሷ በሚቀጥለው ወር ሠላሳ ስድስት ይሞላታል። አምና ተፈትና ወድቃለች። ዛሬ ካለፈች አለፈች፣ ካላለፈች በቃ። ነገሩን በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

"ልግባ" አሉና ተነሡ።

ልጅቷ እጅጌያቸውን ያዘች። "አባዬ፣ እባክህ እንዳትገባ። አንተ መሆንህን ካወቁ እኔን አያምኑኝም። የመምህሩ ልጅ ናት ነው የሚሉት።"

"ዝም ብልስ?"

"ምናልባት ይረሱታል።"

"ልጄ፣ ዘጠኝ ሰው ነው" አሉና እጇን ቀስ ብለው አስለቀቁት።

አብሬ ገባሁ። ጋሽ ፈሊጥ ደብተሩን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሁሌም በአባባል ሲሽሞነሞን የማውቀው እንግሊዝኛቸው ድንገት እርቃኑን ቀረ።

"ጥያቄ የሸጠ የለም። ያንን አባባል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሴትዮዋ ደብተሩን ገለጠች። ስታነብ አንዴ ከንፈሯ እንደ መሳቅ አለና ወዲያው ኮስተር አለች። ሰውዬው መጻፉን አቁሞ ያያታል። 

"አያቴ እንዲህ ይል ነበር" አለች፣ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ። "ዛሬ የሚለው ሰው አላውቅም።"

ጋሽ ፈሊጥ አንገታቸውን ደፉ። በሃያ ሁለት ዓመት ልፋታቸው ላይ እንዲህ ዓይነት ፍርድ ሲወርድ ሳይ ተናደድኩ፣ ግን ማን ጠየቀኝ?

"ከቀሩት መካከል ዘመድ አለህ?" አለቻቸው።

አለመናገር ይችሉ ነበር። የአባት ስሟን ከሳቸው ጋር የሚያገናኝ ማንም አልነበረም።

"የመጨረሻዋ ልጄ ናት።"

ሰውዬው አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ዛሬም አላውቅም።

"እሺ፣ የቀሩት ይግቡ" አለች ሴትዮዋ ደብተሩን እየመለሰች። "ጥያቄውን እቀይራለሁ። ከዚህ ደብተር አንድ ቃል ከሰማሁ ግን እዚያው ላይ አቆማለሁ።"

ወጥቼ ስነግራቸው አንዷ ነርስ "ወይኔ ጉዴ! አፌ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው!" ብላ እዚያው ዱብ አለች። ሌላዋ ግድግዳ እያየች ራሷን በተራ እንግሊዝኛ ማስተዋወቅ ትለማመዳለች። አምስቱ አንድ በአንድ ገብተው ወጡ። አንዷ እያለቀሰች ወጣች፤ ለምን ብዬ ለመጠየቅ አንጀቴ አልቻለም።

ዘጠነኛዋን ጠራሁ። ያ በር በደንብ ካልገፉት አይገጥምም፤ እሷም ቸኩላ ገባችና አልገፋችውም። ልዘጋው ስጠጋ ጋሽ ፈሊጥ ከሶፋው ተነሥተው መጥተው አጠገቤ ቆመው አገኘኋቸው። ተማሪያቸው ነኝና ተመለሱ ማለት ከበደኝ፤ በሩን ተውኩት። ማለት ነበረብኝ።

"በሥራሽ ላይ እስካሁን የሚቆጭሽ ነገር ምንድን ነው?" አለቻት ሴትዮዋ።

 መልሷ ሲዘገይ ጋሽ ፈሊጥ ባርኔጣቸውን ጨምቀው "በይ፣ በይ ልጄ" ይላሉ በትንፋሽ ብቻ። እኔ ደግሞ አለቀላት ብዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

"እናቴ የሞተችው እኔ በምሠራበት ክፍል ነው" አለች በመጨረሻ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየመጠነች። "ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ለሟች ቤተሰብ የሆነውን በትክክል መንገር ሥራዬ ነው። ለሰው ሁሉ እነግራለሁ። ለአባቴ ግን 'በእንቅልፏ አረፈች' አልኩት። አልተኛችም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ እሱን ስትጠራ ነበር። መጣ እያልኩ እሷንም ዋሸኋት።"

"ለምን አልነገርሽውም?"

"በቀረው ዕድሜው ሁሉ ያቺን ሰዓት ብቻ እንዳያስብ። አሁን ግን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ስለ እሷ ማውራት አልቻልንም። ይኸው ነው የሚቆጨኝ።"

በንግግሯ ውስጥ አንድም አባባል አልነበረም። ጋሽ ፈሊጥ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ሰሙት። የበሩን መቃን ያዙ። ክንዳቸውን ያዝኩ። "ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኩ፣ የሰሙኝ አይመስለኝም።

ሌላ ምን እንደጠየቋት አላዳመጥኩም። በሩ ሲከፈት እሷ ወጣች፣ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ፤ ወዲያው ገባት።

"አባዬ..."

"ስንት ሰዓት ነበር?" አሏት።

"ተው አባዬ፣ እዚህ አይሆንም።"

"ስንት ሰዓት ነበር ስትጠራኝ?"

"ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ አልፎ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ክፍል ነበርኩ።" አሰቡ። "ለምን አልደወልሽልኝም? በሩጫ አልደርስም ነበር?"

መልሱን መናገር አልፈለገችም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። እኔንም ዞር ብላ አየችኝ፣ አድነኝ እንደማለት። ምን አቅም አለኝ?

"አራት ጊዜ ደወልኩ" አለች። "ክፍል ስትገባ ስልክህን ታጠፋለህ አባዬ።"

አፋቸውን ከፈቱ። ደብተር ሙሉ ሰዎች ሲናደዱ፣ ሲያዝኑ፣ ሲያፍሩ የሚሉትን የጻፉ ሰው አንዲት ቃል አጡ። ሶፋው ድረስ ደግፋ ወሰደቻቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ሌላስ ምን አለች?" አሏት።

"ስምህን ብቻ።"

ከዚያ መናገር ጀመረች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው፤ እናቷ ያን ጠዋት ምን እንደቀመሰች፣ ማን እንደጠየቃት። እሳቸው አላቋረጧትም። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ዝርዝሩን የማነብ መሰልኩ።

በዚህ መሐል ጠያቂዋ በሩን ከፍታ ጠራችኝ።

"ለመጨረሻዋ ንገራት፤ ሰኞ ፓስፖርቷን ይዛ ትምጣ" አለች።

እግሬ ሮጠ። ሶፋው ጋ ስደርስ ግን እጃቸው በእጇ ውስጥ ነበር፤ ባርኔጣው መሬት ላይ ወድቋል።

"አልፈሻል፤ ሰኞ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ ብላለች" አልኳት።

አንዳቸውም ቀና አላሉም። ባርኔጣውን አንሥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩና ወደ ዴስኬ ተመለስኩ።